«ዊኪፔዲያ ነው ያለው» ላልከኝ

ሺሺንዳ ዝናብ ሲይዝ ሰው የትም አይሄድም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚያልፉት መኪኖች ጭቃ እየረጩ ይሄዳሉ፤ እኛ ጀበና ቡና በምታፈላው ሴት ቆርቆሮ ሥር ተጠግተን ነገር እናነሳለን። ባለፈው ነገሩን ያነሳው የጎረቤቴ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ስለ ቡና የሚያነበው ጽሑፍ አዘጋጅቶ ኖሮ ከስልኩ ላይ ያሰማን ጀመር። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ካልዲ የሚባል የካፋ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አየ፤ ፍሬውን ለመነኩሴ ወሰደ፤ መነኩሴው እሳት ውስጥ ወረወረው፤ ሽታው አወደ፤ ቡና ተገኘ። «ኮፊ» የሚለው ስምም «ካፋ» ከሚለው ስም መጣ። አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ወደኛ አዙሮ እንደ ማኅተም አሳየን።

«ማን አለ?» አልኩት።

«ዊኪፔዲያ ነው ያለው።»

«ዊኪፔዲያ የማን ልጅ ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ዊኪፔዲያ ሰው ነው እንዴ?»

«አፍ የሌለው እንዴት አለ? የጻፈው ሰው ነው። ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ከየት አይቶ ጻፈው?»

ልጁ ዝም አለ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛ ትልልቆቹ ልጆቻችንን «አንብቡ» እንላቸዋለን፤ «ያነበባችሁትን ማን ጻፈው?» ብለን ግን አንጠይቃቸውም። ዝናቡ አባርቶ ነገሩ ሳይቋጭ ስለተበተንን፣ ያን ቀን ለእያንዳንዱ የመለስኩትንና ሳልመልስ የቀረሁትን እዚህ ላይ ልጨርሰው።

መጀመሪያ ጥግ ይዘው የተቀመጡት መምህር ጣልቃ ገቡ። «ለዚህ ነው ዊኪፔዲያን አትንኩ የምላቸው» አሉ። «ማንም ተነስቶ የሚጽፍበት ነገር እንዴት ይታመናል?»

«መምህር፣ ማንም የማይነካው ቢሆን ያምኑት ነበር?»

«በሊቅ ከተጻፈ፣ አዎ።»

«እንግዲያው ሊቅ ልጥራልዎት። ሊኔየስ ይባላል፤ ስዊድናዊ ነው። የዓለምን ዕፅዋት ስም ያወጣ ሰው ነው። በፈረንጆች 1753 መጽሐፉን ሲያሳትም የኛን ቡና ‹ኮፊያ አራቢካ› አለው። የዓረብ ቡና ማለት ነው። የካፋን ጫካ አላየም፤ ቡና ከየመን ወደብ ሲወጣ ነው የሰማው። ይኸው ከ270 ዓመት በኋላም ጆንያው ላይ ‹አራቢካ› ይላል። ገብቶ የሚያርመው አልተገኘም።»

መምህሩ ፈገግ አሉ እንጂ አልተረቱም፤ ልክ ናቸው፤ የአንድ ሊቅ ስህተት ለመንጋ ጽሑፍ ዋስ አይሆንም። ለእርሳቸው የሚሆነው መልስ ሌላ ነው። በፈረንጆች 2005 መጨረሻ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ከብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ወስዶ ለየዘርፉ ባለሙያዎች ሰጠ። ባለሙያዎቹ በአማካይ ዊኪፔዲያ ላይ በየርዕሱ አራት ያህል ስህተት አገኙ፤ ብሪታኒካ ላይ ሦስት ያህል። ብሪታኒካ በቀጣዩ ዓመት «ምዘናው ራሱ የተሳሳተ ነው» ብሎ ተቃወመ፤ መጽሔቱም አልመለስም አለ። ከዚህ ክርክር እኔ የያዝኩት፣ ስህተት የሌለው መዝገብ አለመገኘቱን ነው። እንግዲህ «የትኛው ይታመናል?» ብሎ ቤት መምረጥ ትርፍ የለውም። ጥያቄው «ይህ ዓረፍተ ነገር በምን ይታመናል?» ነው።

አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በድሮው ዳኝነት ሁለት ዓይነት ሌባ ፍለጋ ነበረ። አንዱ ሌባሻይ ነው፤ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ይሮጣል፣ ከገባበት ቤት ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ ምን አይቶ ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታ የሚባለው። አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የሚናገር ሰው ጎረቤቱ እየሰማው ነው የሚናገረው። ዊኪፔዲያ በደንብ ሲሠራ አውጫጭኝ ነው። እንቶኔ የጻፈውን እንቶኔ ያያል፣ ይከራከራል፣ ይሰርዛል። ስልክ ከፍቶ መጀመሪያ የመጣውን ዓረፍተ ነገር ይዞ መሮጥ ግን ሌባሻይ ነው። ጉግል የወደቀበት ቤት ባለቤት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ዛሬ ልጆቻችን «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጠየቅኩት» ሲሉኝም ያው ነው የምላቸው፤ እርሱም ዊኪፔዲያን አንብቦ ነው የሚነግራችሁ፤ ከየትኛው መስመር እንደቀዳው ካልነገራችሁ ከሌባሻዩ ልጅ አይሻልም።

ታዲያ አውጫጭኙ የሚሠራው ሰው ሲሰበሰብ ነው። እዚህ ላይ ነው ለኛ ለሺሺንዳ ሰዎች ነገሩ የሚከብደው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ቡና የተጻፈውን ገጽ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ጠዋት ገብቶ «ቡና የተገኘው ጨረቃ ላይ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ቡናው ሳይፈላ ይሰረዝበታል። የአንድ ትንሽ ከተማ ገጽ ግን ማን ይጠብቀዋል? አሜሪካ ውስጥ ጆን ሲገንታለር የሚባል አንጋፋ ጋዜጠኛ ነበር። በፈረንጆች 2005 አንድ ሰው የሕይወት ታሪኩ ገጽ ላይ ገብቶ በኬኔዲዎች ግድያ የተጠረጠረ ሰው አስመስሎ ጻፈበት። ያ ሐሰት አራት ወር ያህል ሳይነካ ቆየ። ሰውየው ታዋቂ ነበረ፤ ገጹን የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ ገጽ ለመክፈት መመዝገብ ግዴታ የሆነው። ገጹ ስለ ሺሺንዳ ቢሆን አራት ወር ነው ወይስ አራት ዓመት የሚቆየው?

ወንድሜ፣ ስለዚህ «ዊኪፔዲያ ነው ያለው» ስትለኝ «የትኛው ዊኪፔዲያ?» እልሃለሁ። ብዙ ዓይን ያረፈበት ገጽና አንድ ሰው ጽፎ የተወው ገጽ መልካቸው አንድ ነው፤ አርማው ያው፣ ፊደሉ ያው፣ ድምፀቱ ያው። ልዩነታቸው ከላይ «ታሪክ» በሚለው ውስጥ ነው የሚታየው። ንካው። ገጹ መቼ ተከፈተ፣ ማን ማን ነካው፣ በየትኛው ቀን ምን ጨመረ፣ ምን ሰረዘ፣ በደቂቃው ተመዝግቦ ይወጣል። ሁለት ቀኖች መርጠህ ማስተያየት ትችላለህ፤ የጠፋው በአንድ ወገን፣ የገባው በሌላው ወገን ጎን ለጎን ይቀርብልሃል። ከጎኑ «ውይይት» አለ፤ እዚያ ሰዎቹ የተጨቃጨቁትን ታነባለህ። ይህን የመሰለ ነገር የታተመ መጽሐፍ ውስጥ አታገኝም። የመጽሐፉ ደራሲ ማታ ማታ የሰረዘውን ለማንም አያሳይም።

በአማርኛው ነገሩ ይብሳል። ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ የሚጠራው የአማርኛው ክፍል 15 ሺህ ገደማ ገጾች አሉት፤ እንግሊዝኛው ሚሊዮኖች አሉት። በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ የተከፈተ ዊኪፔዲያ ደግሞ የለም። ትንሽ ቋንቋ ባለቤቱ ካልጠበቀው ምን እንደሚደርስበት ስኮትላንዶች አይተውታል። በፈረንጆች 2020 እንደታወቀው፣ በስኮትስ ቋንቋ ከተጻፈው ዊኪፔዲያ ከሃያ ሺህ የሚበልጠውን ገጽ የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ታዳጊ ነበር። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እየወሰደ ቃላቱን ስኮትስ የሚመስል ቅርጽ እየሰጠ ለዓመታት ጻፈ። ክፋት አልነበረውም፤ የረዳ መስሎት ነበር። ባለቤቶቹ ግን ዓመታት ሙሉ አላዩትም። እኔ ልጁን አልወቅስም፣ ባለቤቶቹን ነው የምወቅሰው። ባለቤት የተወውን ማሳ ማንም ቢዘራበት ምን ይደንቃል?

እስቲ የኛን ማሳ እንይ። ይህን ዛሬ ማታ በስልካችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ስለ ካፋ ከተሞች የተጻፈ ማንኛውንም ገጽ ክፈቱና ክልሉን ፈልጉ። «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» የሚል ከሆነ ያ ገጽ ከህዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተኝቷል። በዚያ ወር ነው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ የቆመው፤ ቦንጋም ከተርጫ፣ ከሚዛን አማንና ከቴፒ ጋር ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ የሆነችው። ቀጥላችሁ የሕዝቡን ቁጥር እዩ። ስንት ይላል ብቻ አትበሉ፤ የስንት ዓመት ነው በሉ። አገር አቀፍ ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተደገመም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከዚያ ከሆነ፣ ያኔ የተወለደው ሕፃን ዛሬ ይህን ገጽ እያነበበ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ አርጅቷል። «ሐሰት ነው» እና «አርጅቷል» የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ፊደሉም አለ። «ከፋ» ብለህ ስትፈልግ የምታገኘውና «ካፋ» ብለህ ስትፈልግ የምታገኘው አንድ አይደለም። በድሮ መጻሕፍት «ከፋ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ አማርኛው ደግሞ ክፉ ትርጉም አለው፤ የአገሩ ሰው «ካፋ» ይላል። በላቲን ፊደልም ሦስትና አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። በአንዱ ብቻ ፈልገህ «ስለኛ የተጻፈ የለም» አትበል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ዓመተ ምሕረት ነው። የካፋ መንግሥት ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት የገባው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙበት ጊዜ፣ በፈረንጆች 1897 ነው። አሁን በእኛ ስንት ነው? ወሩን ሳታውቅ መልስ የለህም። ከመስከረም በፊት ከሆነ 1889፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 1890። አንዱ ጸሐፊ ስምንት ይቀንሳል፣ ሌላው ሰባት፣ ሦስተኛው ሳይቀንስ «ዓ.ም.» ብሎ ይለጥፍበታል፤ ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንድ ጦርነት ሦስት ጊዜ የተደረገ ይመስላል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የማይነግራችሁን የኢትዮጵያ ታሪክ ገጽ ጥያቄ ሳታነሱ አትለፉት።

አሁን ወደ ካልዲ ልመለስ፤ ልጁ ጠብ የሚል መልስ ይገባዋል።

«ልጄ፣ እስከ ታች አንብበኸዋል?»

«የመጀመሪያውን አንቀጽ ነው የወሰድኩት።»

ከኛ ጋር የተቀመጠው የጀንፈል ነጋዴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። እርሱ ቡና ሲገዛ አይቼዋለሁ። ገበሬው ጆንያውን ፈትቶ ከላይ ያለውን ያሳየዋል፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ ሁልጊዜ ወጥ ነው። ነጋዴው አያየውም። እጅጌውን ወደ ክርኑ ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ያሰጥማል፣ ከሥር ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ያገላብጠዋል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። እርጥብ ከሆነች ድምፅ አትሰጥም። «ከላይ ያለው የሻጩ ነው፤ የኔ ከሥር ያለው ነው» ይላል። የዊኪፔዲያ የመጀመሪያ አንቀጽ የጆንያው አፍ ነው። ከሥር ያለው የግርጌ ማስታወሻው ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ስትነካት ወዴት ትወስድሃለች? ወደ መጽሐፍ ነው? ወደ ሆቴል ማስታወቂያ ነው? ወደ ጠፋ ገጽ ነው? ወይስ ቁጥሯ ራሷ የለችም?

ስለ ካልዲ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ገጽ ራሱ «አፈ ታሪክ ነው» ይላል። ወደ ሥሩ ስትወርድ የእረኛው ተረት በጽሑፍ የተገኘው በፈረንጆች 1671 ሮም ላይ፣ ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል የማሮናይት ምሁር ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ነው። ካልዲ ኖረ ከተባለበት ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እስከዚያ መጽሐፍ ድረስ 800 ዓመት ገደማ ይቆጠራል። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ የጻፈው የለም። ናይሮንም እረኛ አለ እንጂ ካልዲ አላለም፤ ስሙ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንግዲህ ዊኪፔዲያ አልዋሸህም። አንተ ግማሹን ዘግነህ ሄድክ።

ይህን ስል ቡና የምታፈላው እህታችን ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። «እና ጋሼ፣ ቡናው የኛ አይደለም ሊሉን ነው?»

ይህ ነው የፈራሁት ጥያቄ። እዚህ ካፋ ተቀምጦ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ማለት እንደ ክህደት ይቆጠራል። እኔ ግን የምመልስላት ስለምወደው ነው። ልጁ ያነበበው ውስጥ ሦስት ነገሮች በአንድ ጆንያ ተጭነዋል። ሦስቱን ላውጣቸው።

አንደኛው፣ አራቢካ ቡና በዱር በቅሎ የሚገኘው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው የሚለው ነው። ይህ በተክሉ ዘር የተመረመረ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተጻፈ ነገር ነው። የካፋ ጫካም በ2010 በፈረንጆች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሂድና ዴቻ ማንኪራ ጫካ ግባ፤ ማንም ያልተከለው ቡና ከትልልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ ታየዋለህ። ለዚህ ምስክር አይጠፋም፤ በድፍረት ተናገሩት።

ሁለተኛው ካልዲ ነው። ተረት ነው። ተረት መሆኑን ተናግሮ መተረክ ነውር የለውም። ጅማዎች ደግሞ ካልዲ የኛው የጮጬ ሰው ነው ይላሉ፤ እኛ የማንኪራ ነው እንላለን፤ በየገጹም አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዘው ይኖራል። ለኖረ ሰው እንኳ በዚህ ያህል አንጣላም። የተክሉን መገኛ በካልዲ ስም የሚከራከር ሰው ጠንካራ ምስክሩን ቤት ትቶ ደካማውን ችሎት ያቀረበ ነው።

ሦስተኛው ስሙ ነው። «ኮፊ» ከ«ካፋ» መጣ። በጣም የምንወደው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ሆቴሉም፣ ቲሸርቱም፣ የመድረክ መሪውም ይለዋል። ሥሩን ስትቆፍር እንግሊዝኛው ከሆላንድኛ ወሰደ፣ ሆላንድኛው ከቱርክ «ካህቬ»፣ ቱርኩ ከዓረብኛ «ቀህዋ»። እስከዚህ ድረስ የቋንቋ ሰዎች ይስማማሉ። ከ«ቀህዋ» ወዲያ ግን ይለያያሉ። «ቀህዋ» በዓረብኛ ቡና ሳይታወቅ በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበረ የሚሉ አሉ፤ ከካፋ ነው የሚሉም አሉ። በዚያ ላይ በካፋ ራሱ ቡና «ቡኖ» ነው የሚባለው፤ ዓረቦቹም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። እንግዲህ ነገሩ አልተዘጋም። ገጹ «ሊሆን ይችላል» ብሎ የጻፈውን ልጁ «ነው» ብሎ አነበበው። ያቺን አንዲት ቃል የቀየራት ማን ነው? ዊኪፔዲያ አይደለም። ፍቅራችን ነው።

«ስሙን ከነጠቁን ምን ይቀረናል?» አለችኝ።

«ጫካው ይቀረናል፣ እህቴ። እርሱን ከቆረጥነው ነው ምንም የማይቀረን።»

የሚጠላውን ወሬ ሳያጣራ የሚቀበል ሰው የለም። የሚጥመንን ነው ሳናላምጥ የምንውጠው። በዊኪፔዲያ ላይ ስለ ካፋ አንድ ስድብ ቢጻፍ ሺሺንዳ በሙሉ «ማን ጻፈው?» ብሎ ይነሳል። ውዳሴ ቢጻፍ ግን ስክሪን ሾት ተነስቶ በቴሌግራም ይዞራል። እኔ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሆኜ የተገኘሁት ተጎድቼ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያሰራጨው ወረቀት ላይ ስለ አካባቢያችን አንድ የተሳሳተ ዓመት አየሁ። ከየት አመጣችሁት ስላቸው ከዊኪፔዲያ አሉኝ። ገጹን ስከፍት የግርጌ ማስታወሻው ወደዚያው ወረቀት ወሰደኝ። ወረቀቱ ገጹን ምስክር ይቆጥራል፣ ገጹ ወረቀቱን ምስክር ይቆጥራል፤ ያየ ሰው በመካከል የለም። ሁለት ሌቦች አንዱ ለአንዱ ዋስ ሲሆኑ ዳኛው ሁለት ዋስ ያገኘ መስሎት ይለቃቸዋል።

በዓለም ላይም ሆኗል። በ2012 በፈረንጆች ተማሪዎች ለጨዋታ ብለው አንድ የስኮትላንድ ሰው በ1893 የኤሌክትሪክ ዳቦ መጥበሻ እንደፈለሰፈ አድርገው ጻፉ። ጋዜጣው ቀዳው፣ መጽሐፉ ቀዳው፤ ዊኪፔዲያም የቀዱትን ምስክር አድርጎ ጠቀሰ። አሥር ዓመት ቆየ። በ2022 የነቃበት ማን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ልጄ? የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ። ፎቶግራፉ ሐሰተኛ መሰለው፤ ጠየቀ፤ ነገሩ ፈረሰ። ዕድሜው አንተ አሁን ካለህበት በሦስት ዓመት ያነሰ ነበር።

አንድ ሰው ግን መልስ አጣሁለት። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «እኔ የማውቀውን ለምን አይጽፉትም?» አሉኝ። «አባቴ ከአባቱ የሰማውን አውቃለሁ። የንጉሡን አማካሪዎች፣ ምክረቾዎችን፣ ማን ከማን ጎሳ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«አይቀበሉትም፣ አባባ። የታተመ ምንጭ ነው የሚፈልጉት።»

«እኔ ውሸታም ሆኜ ነው?»

አይደለም። ደንቡ የተሠራው «አያቴ ነገረኝ» ብሎ ማንም የፈለገውን እንዳይጽፍ ነው፤ ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ዋጋው ግን በእኒህ አባት ላይ ነው የወደቀው። የካፋን መንግሥት ገጾች ግርጌ ተመልከቱ፤ በፈረንጆች 1905 ወደ ካፋ የመጣውን ኦስትሪያዊ ፍሪድሪሽ ቢበርን ታገኛላችሁ። በ1920 እና በ1923 ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት በጀርመንኛ አሳተመ። ቢበር ያን ሁሉ ከየት አገኘው? እንደ እኒህ አባት ያሉ ካፎችን ጠይቆ ነው። የሰውየው አያት ለቢበር የነገረው ምስክር ሆነ፤ የልጅ ልጁ ዛሬ በአፉ የሚናገረው ምስክር አይሆንም። መሐል ላይ የጎደለው ጽፎ የሚያሳትም ሰው ነው። የካፋ ልጆች፣ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ የምትሉ፣ እኒህን አባት ቅረጹ፣ የተናገሩበትን ቀን ጻፉ፣ ከሌላ አባት ጋር አስተያዩት፣ አሳትሙት። ያን ጊዜ ዊኪፔዲያ በግዱ ይጠቅሳችኋል። ሽማግሌው ሲሞት ግን «ታሪክ» የሚለውን ነክቶ የተሰረዘውን መመለስ አይቻልም።

ከአራት ቀን በኋላ ልጁ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንዱን ገጽ አርሜ ነበር። ክልሉን ደቡብ ምዕራብ ብዬ አስተካከልኩት።»

«ጎበዝ!»

«ሰረዙብኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ‹ምንጭ የለውም› ብሎ መለሰው።»

«ተናደድክ?»

«መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው እርስዎ የጠየቁኝን ነው የጠየቀኝ።» ከኋላው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። «አሁን የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ውሳኔ እየፈለግኩ ነው። ቀኑን አግኝቻለሁ፣ ህዳር 14 ነው። እነሱ በፈረንጅ ነው የሚጽፉት፤ በፈረንጅ ስንት ልበል?»

«ኅዳር 23፣ አይደለም ቆይ... ኖቬምበር 23 በል፣ 2021። አቆጣጠሩንም ጻፍበት።»

«እሺ ጋሼ። ያቺን የሚኒ ሚዲያዋንም ቀይሬያታለሁ። ‹ይባላል› የሚል ጨመርኩባት።»

ሌላም ነገር ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ ኔትወርኩ ጠፋ።